ከሲያትል ወደ ዊድቢ ደሴት የአንድ ቀን ጉዞ፦ ስለ ፌሪው፣ ስለ አበባው የአትክልት ስፍራና ስለ ባሕር ዳሩ መንገድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በሲያትልና በአካባቢዋ ለሚኖሩ፣ በተለይም ከአገር ቤት እናት፣ አባት ወይም ዘመድ መጥቶባቸው አንድ ሙሉ ቀን ከከተማ ውጭ ማሳለፍ ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ነው። ጉዞው ከሲያትል በስተ ሰሜን ወደ ማከልቲዮ በመኪና ሄዶ፣ በፌሪ፣ ማለትም ሰውና መኪና በሚያሻግር መርከብ፣ ወደ ዊድቢ ደሴት ተሻግሮ፣ በሚርከርክ የአትክልት ስፍራ አበባ አይቶ፣ ከዚያም ደሴቲቱን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ በዲሴፕሽን ፓስ ድልድይ በኩል መመለስ ነው። ዓመታቱ በሙሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ሰዓቱ ግን በእኛው አቆጣጠር ነው። የፌሪው የጊዜ ሰሌዳ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚወጣ፣ ዘመድ አዝማድ በስልክ ሲቀጣጠር ይህን ልዩነት ቢያስታውስ መልካም ነው።

መንገዱ ምን ያህል ነው? አንድ ቀንስ ይበቃል?

ይበቃል፤ ግን በጊዜ ለተነሳና ማረፊያዎቹን ላላበዛ ሰው ነው። ከሲያትል መሃል ከተማ እስከ ማከልቲዮ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአይ-5 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ተጉዞ በ182ኛው መውጫ ወደ 525 ቁጥር መንገድ መታጠፍ ይበቃል፤ መንገዱ ራሱ ፌሪው አፍ ላይ ያደርሳል። የባሕሩ መሻገሪያ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ከክሊንተን፣ ማለትም ፌሪው ከሚያወርድበት ቦታ፣ እስከ ዲሴፕሽን ፓስ ድልድይ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከድልድዩ በበርሊንግተን በኩል ወደ ሲያትል ለመመለስ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። የትም ሳይቆሙና ወረፋ ሳይጠብቁ ቢነዱት አራት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ቀኑን የሚበላው መንገዱ ሳይሆን የፌሪው ወረፋና እዚህም እዚያም የሚደረገው ማረፊያ ነው።

በፌሪ ሄዶ በድልድይ መመለስ ይሻላል ወይስ በድልድይ ሄዶ በፌሪ መመለስ?

በፌሪ ሄዶ በድልድይ መመለስ ይሻላል ብለን በሙሉ ልብ እንመክራለን። ይህ በዚህ ገጽ ላይ ካሉት ምክሮች ሁሉ የሚበልጠው ነው። ምክንያቱም ፌሪ በሰዓቱ የሚነሳና የሚሞላ ነገር ስለሆነ፣ ሰው ገና ትኩስ ጉልበት ባለውና ወረፋውም ባልረዘመበት ማለዳ ቢጨርሰው የቀረው ቀን በራሱ እጅ ይሆናል። ድልድዩ ግን ሰዓት የለውም፤ ሕፃኑ ቢተኛ፣ እናት ባሕር ዳር ተቀምጠው መነሳት ቢጠሉ፣ አንዱ ማረፊያ ከታሰበው በላይ ቢረዝም የሚያመልጥ ነገር አይኖርም።

በተገላቢጦሽ የሄደ ሰው የሚገጥመው ይህ ነው፦ ቅዳሜና እሑድን በደሴቲቱ ያሳለፈው ሕዝብ በሙሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ክሊንተን ይወርዳል፤ የመኪናው ሰልፍ ከወደቡ ሽቅብ ዳገቱን ይዞ ይዘልቃል፤ በበጋ ወራት አንድ ሰዓት አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ የተለመደ ነው። የደከመ ልጅና የራበው ሰው ይዞ በዚያ ሰልፍ ውስጥ መቀመጥ መልካሙን ቀን ያበላሻል። ዓርብ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደግሞ ሰልፉ ወደ ማከልቲዮ በኩል ይዞራል፤ ስለዚህ ቅዳሜ የሚሄዱ ከሆነ ማከልቲዮ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መድረስ ይመረጣል።

ለፌሪው አስቀድሞ ቦታ መያዝ ይቻላል? ክፍያውስ እንዴት ነው?

በማከልቲዮና በክሊንተን መካከል አስቀድሞ ቦታ መያዝ የሚባል ነገር የለም፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይሳፈራል። የሚሠሩት ሁለት መርከቦች ሲሆኑ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሳሉ፤ ይሁን እንጂ አንዱ ለጥገና ሲወጣ ወይም የሠራተኛ እጥረት ሲያጋጥም መስመሩ በአንድ መርከብ ብቻ ስለሚሠራ የጥበቃው ጊዜ በእጥፍ ይጨምራል። የዋሽንግተን ግዛት የፌሪ ድርጅት መርከቦቹ በዚያች ሰዓት የት እንዳሉ በካርታ የሚያሳይ የስልክ መተግበሪያና ድረ ገጽ አለው፤ ከቤት ከመውጣት በፊት እዚያ ላይ ማየት ልማድ ቢሆን ብዙ ድካም ያስቀራል።

ክፍያው የሚሰላው በመኪናው ርዝመት ነው። የአሽከርካሪው ዋጋ ከመኪናው ጋር የተጠቃለለ ሲሆን፣ ከአሽከርካሪው ሌላ ያለው እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይከፍላል። ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በነፃ ይሳፈራሉ፤ 65 ዓመት የሞላቸው ደግሞ በግማሽ ዋጋ ይሻገራሉ። ይህ የአዛውንቶች ቅናሽ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ስለሚጠይቅ፣ ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ፓስፖርታቸውን ሻንጣ ውስጥ ትተው እንዳይወጡ ያስፈልጋል። ከግንቦት እስከ መስከረም ባሉት የፈረንጅ ወራት የመኪና ዋጋ ይጨምራል። የተሳፋሪ ክፍያ የሚሰበሰበው በማከልቲዮ በኩል ብቻ ሲሆን፣ መኪና ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይከፍላል፤ በድልድይ የሚመለስ ሰው እንግዲህ የመልሱን የመኪና ዋጋ ያተርፋል ማለት ነው። ድልድዩ ክፍያ የለውም።

ሰልፉ ከወደቡ ወጥቶ መንገዱ ላይ ከተዘረጋ የት ነው የምንቆመው?

ሰልፉ ከወደቡ ግቢ አልፎ ሲረዝም በ525 መንገድ ቀኝ ጠርዝ ላይ ይያዛል። የመጨረሻውን መኪና እስኪያዩ ድረስ ወደ ኋላ ተመልሶ ከጀርባው መቆም ነው እንጂ፣ ክፍተት አየሁ ብሎ በመሃል መግባት በግዛቱ ሕግ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። አዲስ አሽከርካሪ ይህን ሳያውቅ ያደርገዋል፤ መኪኖች የሰዎችን ግቢ መግቢያ ላለመዝጋት የሚተዉትን ክፍተት ባዶ ቦታ አድርጎ ያየዋል። የአካባቢው ሰው በዚህ ነገር ትዕግሥት የለውም፤ ወዲያው ያመለክታል፤ ከቅጣቱም በላይ እንደገና ከሰልፉ ጫፍ ሂዱ መባል አለ። ቤተሰብ ተከፋፍሎ በሁለት መኪና የሚሄድ ከሆነ ደግሞ አንዱ ቀድሞ ለሌላው ቦታ ሊይዝለት አይችልም፤ ወይ አብሮ መድረስ፣ ወይ ክሊንተን ላይ መገናኘት ነው።

ባሕር የሚፈሩ ወይም ደረጃ መውጣት የማይችሉ እናትና አባት ይቸገራሉ?

ብዙም አይቸገሩም። ውሃው ክፍት ውቅያኖስ ሳይሆን በደሴቶች የተከለለው ፒውጀት ሳውንድ ነው፤ መርከቡም 144 መኪና የሚጭን ግዙፍ መርከብ ስለሆነ ከኃይለኛ ነፋስ ቀን በስተቀር መነቃነቁ እምብዛም አይታወቅም። መኪና ውስጥ ተቀምጦ መሻገርም ይቻላል። ሆኖም ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ በመስኮት ባሕሩን ማየት የጉዞው ግማሽ ደስታ ስለሆነ፣ ደረጃ የማይሆንላቸው ሰዎች ካሉ ቲኬት ሲቆርጡ ሊፍት እንደሚያስፈልግ መናገር ነው፤ ሠራተኞቹ መኪናውን ከሊፍቱ አጠገብ ያስቆሙታል። በመርከቡ የታችኛው ወለል ላይ መኪኖች በጣም ተጠጋግተው ስለሚቆሙ፣ በር ሲከፈት የጎረቤትን መኪና እንዳይመታ መጠንቀቅ ያሻል። ሞተር ይጠፋል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ የመኪናው የስርቆት ማስጠንቀቂያም ቢዘጋ ይመረጣል፤ የመርከቡ ንዝረት እያስነሳው 20 ደቂቃ ሙሉ ሲጮህ መስማት ለባለቤቱም ለሌላውም ፈተና ነው።

መርከቡ በሁለቱም ጫፍ አፍ ስላለው ዞሮ አይቆምም፤ በአንዱ ጫፍ የገባ መኪና በሌላው ጫፍ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ወደ ኋላ የማሽከርከር ጭንቀት የለም። መቅረቢያው በድምፅ ማጉያ ሲነገር ግን ሳይዘገዩ ወደ መኪና መውረድ ያስፈልጋል፤ አንድ ሾፌር ከቀረ ከኋላው ያለው መስመር በሙሉ ይቆማል።

በዚህ መስመር ከሚመላለሱት መርከቦች አንዱ ቶኪታይ ይባላል። ይህ ስም በ1970 በዚሁ በዊድቢ ደሴት በፔን ኮቭ የባሕር ወሽመጥ ተይዛ ወደ ፍሎሪዳ የተወሰደችው የኦርካ (ጥቁርና ነጭ መልክ ያላት ትልቅ የባሕር አጥቢ እንስሳ) ስምም ነው። ኦርካዋ ከ50 ዓመት በላይ በማያሚ ገንዳ ውስጥ ከኖረች በኋላ፣ ወደ ተወለደችበት ባሕር የምትመለስበት ዕቅድ እየተዘጋጀ ሳለ በነሐሴ 2023 ሞተች። ልጆች መርከቡ ላይ ስሙን አይተው ሲጠይቁ የሚነገራቸው ታሪክ ይህ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በወሽመጡ ዳር ወዳለችው ትንሽ ከተማ ወደ ኩፕቪል ሲደርሱ ያንኑ ወሽመጥ በዓይናቸው ያዩታል።

የሚርከርክ የአትክልት ስፍራ ምን አለው? አበባውን ለማየት መቼ መሄድ ይሻላል?

ስፍራው ከክሊንተን የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ርቆ በግሪንባንክ አጠገብ በደን መካከል ይገኛል። ጠቅላላ ስፋቱ 53 ኤከር ሲሆን፣ 10 ኤከር ያህሉ የተተከለና የተኮተኮተ የአበባ ቦታ፣ የቀረው ግን የእግር መንገድ የተበጀለት ደን ነው። ማክስና አን ሚርከርክ የተባሉ ባልና ሚስት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከላውን ጀመሩት፤ አን በ1979 ሲያርፉ ቦታውን ለሲያትል የሮዶዴንድሮን ማኅበር በኑዛዜ አወረሱ፤ ሕዝብ የሚጎበኘው ስፍራ የሆነውም በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ የሚታየው በዋናነት ሮዶዴንድሮን ነው። ቅጠሉ ወፍራምና ቆዳ መሰል ሆኖ ዓመቱን ሙሉ አይረግፍም፤ አበባው ግን አንድ በአንድ ሳይሆን በአንድ የቅርንጫፍ ጫፍ ላይ እስከ አሥርና አሥራ አምስት ሆኖ ተሰብስቦ ስለሚፈነዳ፣ ከሩቅ ሲታይ ዛፉ ራሱ ቀለም የተነከረ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ሰው ሌላም ነገር አለ፦ ከአበባው ውስጠኛ ግድግዳ በላይኛው በኩል ጠቃጠቆ ነጥቦች ተደርድረዋል፤ ንቧን ወለላው ወዳለበት የሚመሯት ምልክቶች ናቸው። የአንዳንዱን ዝርያ አዲስ ቅጠል ከሥር ገልብጠው ቢዳስሱት ደግሞ ቡናማ ለስላሳ ጠጉር ይነካሉ።

ሮዶዴንድሮን በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ አይበቅልም፤ ስለዚህ ከአገር ቤት ለመጣ እንግዳ ፍጹም አዲስ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በስሜንና በባሌ ተራሮች ላይ የሚበቅለውን አስታ የሚያውቅ ሰው የአበባውን የቅርብ ዘመድ ያውቃል፤ ሁለቱም የአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሁለቱም እርጥበትና ቅዝቃዜ፣ ኮምጣጣ አፈርም ይስማማቸዋል።

ለመጎብኘት ከሁሉ የሚመረጠው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ያለው የፈረንጅ ጊዜ ነው። ቀደም ብለው በመጋቢት የሚያብቡ፣ ዘግይተው እስከ ሰኔ የሚቆዩ ዝርያዎችም አሉ፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሄደ ግን ያማረ አረንጓዴ ደን እንጂ አበባ አያይም፤ ለአበባው ብሎ በዚያ ወር መሄድ ትርፉ ቅሬታ ነው። ግቢው በአብዛኛው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ክፍት ስለሚሆን፣ በማለዳ ለተሻገረ ሰው የመጀመሪያው ማረፊያ መሆኑ ይስማማል። አንድ ሰዓት ተኩል ቢመደብለት በቂ ነው፤ አበባ የሚወድ ሰው ካለ ሁለት ሰዓት ይሁን።

የግዛቲቱ አበባም ይኸው ሮዶዴንድሮን ነው። የመረጡት በ1892 የዋሽንግተን ሴቶች ሲሆኑ፣ ለቺካጎው የዓለም ትርኢት የሚቀርብ አበባ ይመረጥ ተብሎ ድምፅ የሰጡት በግዛቲቱ ምርጫ የመምረጥ መብታቸው በ1910 በዘላቂነት ከመረጋገጡ አሥራ ስምንት ዓመት አስቀድመው ነበር። ሕግ ሆኖ የጸደቀው በ1959 ነው።

ልጆችና ውሻ ይዘን መግባት እንችላለን? አበባ መቅጠፍስ?

ልጆች ይገባሉ፤ በማሰሪያ የተያዘ ውሻም ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። አበባ መቅጠፍ ግን ክልክል ነው፤ ክልከላው ለይስሙላ አይደለም። የሮዶዴንድሮን ቅጠልና አበባ፣ ወለላውም ጭምር መርዛማ ነው፤ ሲበላ የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚያወርድ ንጥረ ነገር አለው። ሁሉን ነገር ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ወይም ቅጠል የሚያኝክ ውሻ ካለ ዓይንን ከእነሱ አለማንሳት ነው። እንደ ልጅነታችን የአበባ ማር መምጠጥ እዚህ አይሠራም። ሥሩም ከአፈሩ ገጽ ብዙ ስለማይጠልቅ፣ ለፎቶ ሲባል ከመንገዱ ወጥቶ ከግንዱ ሥር መቆም ዛፉን ይጎዳዋል።

በካናዳ ያለው የቡቻርት የአትክልት ስፍራ ከዚህ አይሻልም?

በስፋትና በዝና ቢሆን ይበልጣል። በቪክቶሪያ አቅራቢያ የሚገኘው የቡቻርት የአትክልት ስፍራ በ1904 የተጀመረ፣ በኋላም ድንጋይ ተቆፍሮ ባለቀበት የኖራ ድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ የተስፋፋ ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሌላ አገር ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ ለጉብኝት የመጣ ሰው የካናዳ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያለ ቪዛ ቢገባም ፓስፖርቱንና ካርዱን አብሮ መያዝ አለበት፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ጠበቃውን ሳያማክር ከአሜሪካ ድንበር መውጣት የለበትም። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እነዚህ ሁሉ ዓይነት ሰዎች በአንድ መኪና ውስጥ ሊኖሩ እንደሚችሉ ለእኛ ሰው መንገር አያስፈልግም። ዊድቢ ማንም ወረቀት ሳይጠየቅ የሚሄድባት ስለሆነች፣ ለአንድ ቀን ጉዞ እሷን እንመርጣለን።

ምግብ የት እንበላለን? በጾም ወቅትስ?

በደሴቲቱ የሐበሻ ምግብ ቤት እናገኛለን ብሎ መሄድ አይገባም፤ ምግብ ከቤት ይዞ መውጣት ከሁሉ ይሻላል። የአበባው ወቅት ብዙ ጊዜ ከሁዳዴ መጨረሻ ወይም ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት ጋር ይገጣጠማል። በሁዳዴ ከሆነ በየዓይነቱ በእቃ ይዞ መሄድ፣ በሃምሳው ከሆነ ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ፍርፍሩንም ጥብሱንም ማሰናዳት ይቻላል። እንጀራውን ከወጡ ለይቶ፣ ጠቅልሎ መያዝ ነው፤ ወጡ ላዩ ላይ ፈሶበት ሦስት ሰዓት መኪና ውስጥ የቆየ እንጀራ ለማንም አይሆንም።

ኩፕቪል በሙሴል፣ ማለትም በጥቁር ዛጎል ውስጥ በሚኖር የባሕር እንስሳ፣ የታወቀች ናት፤ በፔን ኮቭ ውሃ ላይ ሙሴሉ የሚረባባቸውን ተንሳፋፊ የእንጨት መደቦች ከመንገድ ሆኖ ማየት ይቻላል፤ እርባታው ከ1975 ጀምሮ የቆየ ነው። የሚበላ ይብላ፤ ነገር ግን ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ የማይበሉ ብዙ ምእመናን ስላሉ፣ ለእንግዳ ሲታዘዝ አስቀድሞ መጠየቅ ከኀፍረት ያድናል። በነጭ ሾርባ ውስጥ ክላም የሚባለው ሌላው ዛጎል ለበስ እንስሳ ተከትፎ ስለሚገባ በመልኩ አይታወቅም፤ አሳላፊውን መጠየቅ ነው።

ቡና ማፍላት ለሚሹ፦ በአትክልት ስፍራውም ሆነ በመርከቡ ላይ እሳት አይነካም። በግዛቱ ፓርኮች ውስጥ በተዘጋጁት የሽርሽር ቦታዎች በትንሽ የጋዝ ምድጃ ላይ ጀበና መጣድ ይቻላል፤ በበጋ ግን የእሳት ክልከላ ሲታወጅ ከሰልና ዕጣን አይፈቀዱም። አብዛኛው ሰው ቤት አፍልቶ በፔርሙዝ ይዞ ሲኒውን ብቻ ያወጣል፤ ለባሕር ነፋሱ የሚበጀውም ይኸው ነው።

ከአትክልቱ በኋላ እስከ ድልድዩ የት የት እንቁም?

አንድ ወይም ሁለት ቦታ ብቻ። የእኛ ምርጫ ኤቢስ ላንዲንግ ነው። በ1978 በአሜሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ የታሪክ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተከለለ ሲሆን፣ ልዩ የሚያደርገው ሰው ወጥቶለት ባዶውን የተከለለ መሬት አለመሆኑ ነው፤ ገበሬው እስከ ዛሬ ያርሰዋል፤ እርሻው ገደሉ ጫፍ ላይ ደርሶ ያበቃል፤ ከገደሉ ሥር ባሕሩ ነው። አዛውንቶች ከታች ከባሕሩ ዳርቻ ተቀምጠው የሚያልፉትን ግዙፍ የጭነት መርከቦች ማየት ይችላሉ፤ ጉልበት ያለው በገደሉ አናት ላይ ባለው ቀጭን የእግር መንገድ መውጣት ይችላል። እዚያው አጠገብ ባለችው ኩፕቪል በ1905 የተሠራውን የእንጨት ወደብ እስከ ጫፉ መራመድ ጥሩ ነው።

በቀድሞው የጦር ምሽግ በፎርት ኬሲ ያሉት የጥንት መድፎችና የመብራት ማማው ልጆችን ያስደስታሉ። ከዚያው አጠገብ ወደ ፖርት ታውንሴንድ የሚሻገር ሌላ ፌሪ አለ፤ እሱን በዚሁ ቀን መጨመር አይመከርም። መርከቦቹ አነስ ያሉ ናቸው፤ ቦታ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ የወደቡ አፍ ጠባብና ጥልቀት የሌለው በመሆኑም ባሕሩ ሲጎድል ወይም ሞገዱ ሲበረታ ጉዞ ይሰረዛል።

በኩፕቪልና በኦክ ሃርበር መካከል አንድ ነገር አስቀድሞ ለእንግዶች መንገር ያስፈልጋል። በአካባቢው የባሕር ኃይል የአየር ሰፈር ስላለ የጦር ጄቶች ዝቅ ብለው፣ ጆሮ በሚያደነቁር ድምፅ ይለማመዳሉ። ከጦርነት አካባቢ ለመጣ ሰው፣ በተለይም ለአረጋውያን፣ ይህ ድምፅ ሳይታሰብ ሲመጣ ከባድ ነው፤ ልምምድ መሆኑን ቀድሞ መናገር ብዙ ያቀላል።

ዲሴፕሽን ፓስ ላይ ምን እንጠብቅ?

ድልድዩ በሐምሌ 1935 የተከፈተ ሲሆን፣ ከውሃው በላይ ያለው ከፍታ 55 ሜትር ያህል ነው። እንዲያውም በመሃል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ የሚገናኙ ሁለት ድልድዮች ናቸው። በ1792 የእንግሊዙ የባሕር አሳሽ ጆርጅ ቫንኩቨር ዊድቢን የየብሱ ተቀጥላ አድርጎ ቆጥሯት ነበር፤ ይህን ጠባብ መተላለፊያ ያገኘው የመርከቡ መኮንን ጆሴፍ ዊድቢ ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ያ ሁሉ ውሃ በዚህች ጠባብ በር ለማለፍ ስለሚጋፋ እንደ ክረምት ወንዝ ይፈሳል፤ በቀን አራት ጊዜ ያህልም አቅጣጫውን ይለውጣል። ኃይሉ በበረታበት ሰዓት ከላይ ሆኖ ሲታይ ውሃው እየተሽከረከረ አዙሪት ሲሠራ በግልጽ ይታያል።

በድልድዩ ላይ በእግር መሄድ ይቻላል፤ ግን የእግረኛው መንገድ ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል መኪና፣ በሌላው በኩል ገደል ስለሆነ ከፍታ የሚያዞራቸውን ሰዎች አለማስገደድ ነው። ለእነሱ ከድልድዩ ሥር ያለው የባሕር ዳርቻ ይበልጣል፤ ድልድዩም በደንብ የሚታየው ከዚያ ነው። መኪና ለማቆም የግዛቱን የፓርክ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፤ የቀን ፈቃዱ 10 ዶላር ሲሆን፣ በዚያው ቀን ለፎርት ኬሲና ለኤቢስ ላንዲንግ የባሕር ዳርቻም ያገለግላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ማረፊያ ገዝቶ መስታወቱ ሥር ማስቀመጥ ነው። በግንቦት አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ በመሆኑ፣ ማንም ሳይቸኩል እዚህ አምሽቶ መመለስ ይችላል።

በሚያዝያ ከሄድን የስካጊትን ቱሊፕም እግረ መንገዳችንን ማየት እንችላለን?

በስካጊት ሸለቆ ያለው የቱሊፕ አበባ እርሻ ካርታው ላይ ሲታይ መንገድ ላይ ነው፤ በተግባር ግን በሚያዝያ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቱሊፑ እርሻዎች የሚወስዱት ጠባብ መንገዶች ስለሚጨናነቁ ሁለቱንም አጥርቶ ማየት አይቻልም። ቱሊፑን በሌላ ቀን፣ ይልቁንም በሥራ ቀን፣ ለብቻው መሄድ ነው።

መኪና የሌለው ሰው መሄድ ይችላል?

ይችላል፤ ጉዞው ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ማከልቲዮ ድረስ አውቶቡስ አለ፤ ፌሪውን በእግር መሳፈር ወረፋ የለውም ማለት ይቻላል፤ የደሴቲቱ አውቶቡስም ክፍያ አይጠይቅም። ሆኖም አውቶቡሱ አትክልቱ በር ድረስ ስለማያደርስና እሑድ አገልግሎቱ ስለሚቀንስ፣ ያለ መኪና ለሚሄድ ሰው ከክሊንተን ብዙም የማትርቀውን ላንግሊን እንመክራለን። በፀደይ ወራት ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ለመመገብ ወደ ዳርቻዋ ይጠጋሉ፤ አንዳንድ ቀን ከመንገድ ዳር ቆሞ ሲተነፍሱ ማየት ይቻላል።

ዝናብ ቢጥልስ?

ሲያትል ላይ ስለዘነበ ብቻ ጉዞውን መሰረዝ አያስፈልግም። ከውቅያኖሱ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ዝናቡን በኦሊምፒክ ተራሮች ላይ አራግፎ ስለሚያልፍ፣ ከተራሮቹ ጀርባ ያለው የዊድቢ መካከለኛ ክፍል ደረቅ ነው፤ ኩፕቪል በዓመት የምታገኘው ዝናብ የሲያትልን ግማሽ ብዙም አይበልጥም። ደቡቡ፣ ማለትም ክሊንተንና አትክልቱ ያለበት አካባቢ፣ ከዚያ ይልቅ ይዘንብበታል። ስለዚህ ጠዋት አትክልቱ ላይ ካፊያ ቢይዝዎት ጃንጥላ ይዞ መዞር ነው፤ አበባው በደመና ቀን ቀለሙ ይበልጥ ይጎላል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ኩፕቪል ሲወጡ ሰማዩ ሊከፈት ይችላል። ጉዞውን ለሌላ ቀን ማዛወር የሚገባው የኃይለኛ ነፋስ ማስጠንቀቂያ በወጣ ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ፌሪውም ሊዘገይ፣ ዛፍም መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ጫማ ግን በየትኛውም ቀን ቢሆን የማያንሸራትት ይሁን፤ የአትክልቱ መንገድ አፈርና የእንጨት ፍርፋሪ ስለሆነ፣ ለበዓል የተገዛ ነጭ ጫማ እዚያ አይበረክትም።